ከፋዩ ወደየት እንደሚተኛ

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ሰኞ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያቤጽ፤

ደህና መሆንህን ኢዮስያስ ነግሮናል፣ ፎቶህንም አሳይቶናል። ስለዚህ «እንዴት ነህ» እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። እኛም ደህና ነን። እማዬ ያለ ምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ ደጅ ትሄዳለች። አባዬን ሳሉ ለቆታል። እኔ ተናድጃለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አልችልም። አንተ ስትደውል አባዬ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጎረቤት ካለ ጎረቤትም ይሰማል። እኔ ደግሞ ሰው እየሰማኝ ማውራት እንደማልችል ታውቃለህ፤ ምላሴ ይደርቃል። የድምፅ መልእክት ልልክልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም አጠፋሁት። ሳዳምጠው የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ሆነብኝ፤ እኔ ግን እያለቀስኩ አልነበረም። ስለዚህ ጻፍኩ። ኢዮስያስ ቅዳሜ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። ፖስታውን በሙጫ አሽገዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ያለፈ ይሆናል። የሚዘጋው ዓርብ ነው። አጭር መልእክት ጽፌ «እባክህ ለአባዬ ደውልለት» ልልህ እችል ነበር። አልልህም። ልለምንህ አልፈልግም፤ ያደረግከውን እንድታውቀው ብቻ ነው።

ትናንት እሁድ ኢዮስያስ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቤት መጣ። አባዬ ካንተ ጋር አንድ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ይመጣል ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ነበር፤ አብረውት ጋራዥ የሚሠሩት ጋሽ ባዬ እንኳ ሸሚዝ ቀይረው መጥተዋል። ኢዮስያስ ላፕቶፑን ከፍቶ አንተ እዚያ ጃፓን በትልቅ ስብሰባ ላይ ስትናገር የተቀረጸውን አሳየን። ከረባት አድርገሃል። ከስተሃል። እማዬ «ምን ይበላል ልጄ?» እያለች የምትናገረውን አላሰማችንም። ኢዮስያስ ሥር ሥር ይተረጉማል።

ከዚያ አንድ ሥዕል መጣ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ የተነባበረ ጨርቅ። የታችኛው ግማሽ ቀስቱ ወደ ግራ፣ የላይኛው ግማሽ ቀስቱ ወደ ቀኝ። ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። የእኛ የልብስ ስፌት ቤት ጠረጴዛ ነው! ያቢ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንድ አፍታ በጣም ደስ አለኝ። «አሁን ስሜን ይጠራል» ብዬ ትሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ኢዮስያስ ተረጎመ። «አንድ ቀን አገሬ ስላሉ ልብስ ሰፊዎች ሳስብ ይህ ሐሳብ መጣልኝ ነው የሚለው።»

አዳራሽ ውስጥ ያሉት ጃፓኖች ሳቁ። ቤታችን ያሉትም ሳቁ። አባዬ ጭኑን መታ። «ከልብስ ሰፊ ሳይንስ አወጣ! አያችሁ የልጄን ጭንቅላት!»

ጋሽ ባዬ እኔን እያዩ ወደ አባዬ ዞሩ። «ሸዋንግዛው፣ ሐዳሳም እኮ ልብስ ቤት ናት። እሷስ ምን ፈጠረች?»

«እሷማ ዝምታን ፈጥራለች» አለ አባዬ።

እንደገና ሳቁ። ሻዩን አደልኩ። ለኢዮስያስ ስኳር ሁለት ጊዜ አደረግሁበት መሰለኝ፤ እስከ ጭላጩ ጠጣው።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባዬ ደስታው አላስችል ብሎት ደወለልህ። እማዬም አጋጣሚውን ይዛ ተናገረች፤ አንተም ሰምተሃታል። «እኔ አሁን ድኛለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አገላበጠችኝ፣ አጠበችኝ፣ አበላችኝ። ልጅቷ ትምህርቷን ትጀምር» አለች። አባዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ያቤጽ፣ አንተ ምን ትላለህ? አንተ ያልከው ይሁን» አለ።

አንተም ያልከው ይህ ነው። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «ሐዳሳ? ተዋት አባዬ። ሰው ፊት መቆም አትችልም፣ ክፍል ውስጥ ትሰቃያለች። ትምህርት የእሷ ነገር አይደለም። እጇ ላይ ሙያ አለ፣ እሱ ይበቃታል።»

ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ስልኩ ከእኔ ሁለት እርምጃ አይርቅም። አልጠየቅከኝም፤ አለች ወይ፣ ትሰማለች ወይ አላልክም።

የስምንተኛ ክፍል ውጤቴን የተቀበልኩበትን ክረምት ታስታውሰዋለህ? ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ከትምህርት ቤቱ ሴቶች አንደኛ። በዚያው ሳምንት እማዬን ግማሽ አካሏን ያዛት፣ በዚያው ሳምንት ያንተ ቪዛ መጣ። በሩ ላይ ቆመን «ሐዱ፣ አንድ ዓመት ብቻ ያዢልኝ» አልከኝ። ያዝኩልህ። አንድ ዓመቱ ሦስት ሆነ። ሁለተኛው ዓመት ላይ እማዬ መቀመጥ ስትጀምር ጠዋት ጠዋት እትዬ ፈትያ ልብስ ቤት ገባሁ። ዘንድሮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለቆረጣ የሚነባበር የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጨርቅ ስንት ድርብ እንዳነጠፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ግን አልተናደድኩም። እማዬ እናቴም ናት።

ሌላውን አብረን እናስታውሰው። ሥራ ጨርሰህ ወደ ማደሪያህ ስትሄድ የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር፤ የጫማህ ድምፅ አብሮ ይሰማል። «እዚህ የሚሰማኝ ሰው የለም። አንቺ ስሚኝ፣ ባይገባሽም ስሚኝ» ትለኝ ነበር። ጨርቅ እያነጠፍኩ በጆሮ ማዳመጫ አንዱን መልእክት አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ እሰማዋለሁ። ይገባኝ ነበር ያቢ። ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይገባኝ ነበር።

የምትሠራት ድንጋይ ከጥፍር ታንሳለች፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበረች ናት። ምድጃ ውስጥ ለሳምንታት ቆይታ ነው የምታድገው። በጣም ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም እንቅፋት ያልፍባታል፤ ያኔ ሱፐርኮንዳክተር ሆነች ትላለህ። ኤሌክትሮኖቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። ያንተዋ ደግሞ መሃል የላትም። ይህ አልገባኝም ስልህ «ከመሃል ተነሺና ወደ አንድ ወገን ሂጂ፣ የሆነ ነገር ታገኛለሽ» አልከኝ። «ያንኑ ያህል ወደ ተቃራኒው ሂጂ። እዚያም ያንኑ ካገኘሽ መሃል አለው። ካላገኘሽ የለውም።» መሃል በሌላት ድንጋይ ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ መንገድ ለሁለት ይከፈላል፣ ጥንዶቹም ሌላ ጠባይ ያመጣሉ። ማግኔት ሲቀርባት ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ይቀለዋል፣ ሲመለስ ይከብደዋል።

«እንደ ከፋይ ነዋ» አልኩህ። ከፋይን ወደ አንድ ወገን ስታሻሸው ይለሰልሳል፣ ስትመልሰው ይሻክራል፤ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ነው። «በቃ እሱ ነው!» ብለህ ሳቅክ። የእኔን ነገር ሰምቶ ሰው እንዲህ ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

በየካቲት ግን ተጨነቅክ። ሁለተኛዋ ድንጋይ በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ልክ ተሠርታ፣ ሲሄድም ሲመለስም እኩል ሆነብህ። ፕሮፌሰርህ የመጀመሪያውን ልኬት ራሱን መጠራጠር ጀመሩ። ሥራዬ ሁሉ ሊጣል ነው አልከኝ። ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጫማህም አይሰማም፣ የሆነ ቦታ ቁጭ ብለህ ነበር።

ከዚያ በፊት፣ በጥር፣ እኛ ልብስ ቤት የሆነውን ነግሬህ አላውቅም ነበር፤ አፍሬ ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቀይ ከፋይ ካባ ታዝዞ እኔና አብራኝ የምትሠራው ኑሪያ እናነጥፋለን። ከፋይ ሲነጠፍ ጥቅሉ ሁልጊዜ ከበሩ በኩል ይጀምራል፤ እስከ መስኮቱ እንስበዋለን፣ እንቆርጠዋለን፣ ተመልሰን እንደገና ከበሩ። ሃያ ድርብ እንዳነጠፍን መብራት ጠፋና ምሳ ወጣን። ስንመለስ በበሩ በኩል የዩኒፎርም ክምር ተቆልሎበታል። ኑሪያ ጥቅሉን አንስታ ዞረች። «ከመስኮቱ በኩል እንጀምራ፤ ፊቱ ወደ ላይ ይሁን እንጂ ምን ለውጥ አለው?» ቀሪውን ሃያ ከመስኮቱ በኩል አነጠፍን። እትዬ ፈትያ መጥተው ከላይ ዳሰሱት፤ ፊቱ ወደ ላይ ነው፣ ልስልስ ነው። «ጎበዞች» ብለው አስቆረጡት።

ካባው ተሰፍቶ መዘምራኑ ለልክ ሲቆሙ፣ ግማሹ ደማቅ ቀይ፣ ግማሹ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ያው ጥቅል፣ ያው ቀለም! እትዬ ፈትያ ራሳቸውን ያዙ። «ግማሹ ከሠርግ ግማሹ ከለቅሶ የመጣ ይመስላል እኮ!» ኑሪያ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ጠረጴዛ ሥር ብገባ ደስ ባለኝ።

ያንተን የተንቀጠቀጠ ድምፅ ስሰማ ያ ካባ ትዝ አለኝ። ሙሉ ቀን አሰብኩት። እያንዳንዱን ድርብ ብቻውን ብታየው ትክክል ነው። ከላይ ብትዳስሰው ትክክል ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሰው ሥራ አቁሞ እንደገና የጀመረበት ቦታ ላይ፣ ዞሯል። ግማሹ ወደ በር፣ ግማሹ ወደ መስኮት ከተኛ፣ ሁሉም ሲደመር ወደየትም አልተኛም። «ያቢ፣ ምድጃህ መሃል ላይ ቆሞ ነበር?» ብዬ ላክሁልህ።

«አልቆመም። ቆሟል ያለሽ ማነው?» አልከኝ።

«ማንም። ከላይ አትያት። ቆርጠህ በጎን ጠርዟን እያት።»

አሥራ አንድ ቀን ጠፋህ። ከዚያ እየጮህክ መጣህ። ቅዳሜና እሑድ አንድ ተማሪ ምድጃውን ለጥቂት ሰዓት አጥፍቶ ዝም ብሎ መልሶ አብርቶት ነበር። ጠርዟን በማይክሮስኮፕ ስታያት ልክ መሃሏ ላይ ዞራለች። «ሐዱ፣ እንደ አንቺ ያለ ጭንቅላት አላየሁም!» አልከኝ። ያ ድምፅህ ስልኬ ውስጥ አለ። አላጠፋሁትም።

እንግዲህ በመጋቢት እንደ እኔ ያለ ጭንቅላት አላየህም፤ በነሐሴ ደግሞ ትምህርት የእኔ ነገር አይደለም። የትኛው ነው ውሸትህ?

ብዙ ጻፍኩ። እማዬ ትጠራኛለች።



ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ደብዳቤውን እዚያ ላይ ልዘጋው ነበር። ግን ነገር መጣ።

ትናንት ሥራ ላይ ኑሪያ «ምን ሆነሽ ነው ጨርቁን እንደ ባላጋራ የምትጎትቺው?» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም። ጥቅሉን ለቀቀችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ታዲያ ይሄን ለኔ የምትነግሪኝ ምን እንዳደርግልሽ ነው? ዲግሪ የለኝ፣ ፊርማ የለኝ! የምዝገባው ፊርማ ያለው አባትሽ ጋ ነው።»

«አባዬን ማናገር አልችልም።»

«አትናገሪዋ። አሳዪው።» ከተረፈው ቀይ ከፋይ ስምንት ቁራጭ ቆርጣ በፌስታል ሰጠችኝ።

አባዬ ዛሬ ለምሳ መጣ። እጁ እንደ ወትሮው በመኪና ቀለም ተዥጎርጉሯል። ያንተን የመጋቢት ድምፅ ላሰማው ስልኬን አውጥቼ ነበር። ከዚያ መልሼ አስገባሁት። ያን ካሰማሁት አባዬ የሚያምነው አሁንም አንተን ነው፤ እኔን አይደለም። ቁራጮቹን ሳህኑ አጠገብ አነባበርኳቸው። አራቱን ወደ እሱ፣ አራቱን ወደ እማዬ፤ ፊታቸው ሁሉም ወደ ላይ።

«አባዬ፣ እጅህን ስጠኝ። ዓይንህን ጨፍን።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

እማዬ ሳቀች። «ልጅህ ተናገረች እኮ፤ ጨፍንላት!»

ጨፈነ። ከላይ እያነሳሁ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ አስዳሰስኩት፣ ሁልጊዜ ወደ ራሱ እየሳበ። መኪና ሲቀባ የሻከረውን ቦታ በጣቱ የሚያገኝ ሰው አይደል? «ሻካራ» አለ። «ሻካራ። ሻካራ። ይሄም ሻካራ። ቆይ…» ወደ ኋላ ተመለሰ። ደግሞ ወደፊት። «ይሄኛው ለሰለሰ። ቀጣዩም። እዚህ ጋ ነው የዞረው። ማነው ያነጠፈው?»

«እኔ ነኝ፤ አውቄ። ያቤጽ እሁድ ያሳየው ሥዕል ይሄ ነው።»

«የልብስ ሰፊዎቹ?»

«ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ።»

ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ካባውን፣ ምድጃውን፣ ጠርዙን። መሃል ላይ ድምፄ ጠፋብኝ፣ ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ።

«ለምን እሁድ ዝም አልሽ?» አለኝ።

«ብናገር ዝምታ የፈጠረችው ተናገረች ብላችሁ ስለምትስቁ።»

አልሳቀም። ግን ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ስልኩን አነሳ። «ቆይ፣ ያቤጽን ልጠይቀው» አለ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን አላውቅም። እጄን ስልኩ ላይ ጫንኩበት። በአባዬ እጅ ላይ! ጮህኩ። «አትጠይቀው! አሁን በእጅህ ዳሰስከው አይደል? የዞረበትን ያገኘኸው አንተ ነህ! ጣትህ የነገረህን ለምን እሱ ይነግርሃል? በዚህ ቤት ሁሉም ወደ ያቤጽ ይሄዳል፣ ከያቤጽ ወደ እኔ የሚመለስ ነገር የለም!»

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ልብስ የሚያሰጡት ሴትዮ ሰምተዋል። ይስሙ።

አባዬ ቁራጮቹን አሁንም በአውራ ጣቱ ያሻሻቸው ነበር። በመጨረሻ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሆኖ «ሠላሳ ዓመት መኪና ስዳስስ፣ ለስልሷል አልለሰለሰም ብዬ ሰው ጠይቄ አላውቅም» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ወረቀቱ የት አለ?»

ወረቀቱ ላይ «ያቋረጠችበት ምክንያት» የሚል አለ። እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። «እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?» እውነቱን አልኩት። በዚያ ትልልቅ ፊደሉ «ቤት ውስጥ ስለፈለግናት» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ከሰዓት በኋላ ከጋራዡ ፈቃድ ወስዶ በባጃጅ አብሮኝ ታቦር ትምህርት ቤት ሄደ። ተመዘገብኩ። ዘጠነኛ ክፍል፣ የቀን። ለእትዬ ፈትያ ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራለሁ።

ስለዚህ ያቢ፣ አሁን ካንተ የምፈልገው ነገር የለም። ሰኞ ስጽፍልህ ንዴቴ ፍርሃት ነበረበት፤ ምናልባት ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል እያልኩ ቃል እመርጥ ነበር። ዛሬ በደንብ መናደድ እችላለሁ።

ሐሳቡን መጠቀምህ አላናደደኝም። እኔ ይዤው ምን አደርገዋለሁ? ድንጋይ የለኝ፣ ምድጃ የለኝ። «እህቴ» አለማለትህ ነው። ያንን ማለት ምን ያስከፍልህ ነበር? ጃፓኖቹ ፊት ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመች እህት አለችኝ ማለት አሳፍሮህ ነው? ሰው ፊት መቆም አትችልም አልከኝ። እኔ መቆም አልችልም፣ እውነት ነው። አንተ ግን ቆመህ ስሜን መጥራት አቃተህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ሥራህ ከመጣል ከዳነ ወዲህ የድምፅ መልእክት መላክ ትተሃል። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። እኔ ጨርቅ ሳነጥፍ አሁንም የጆሮ ማዳመጫውን እሰካዋለሁ፤ ኑሪያ ምን እንደምሰማ ስትጠይቀኝ መዝሙር ነው እላታለሁ።

ትምህርት የሚጀምረው መስከረም አምስት ነው። መምህሩ ስም ሲጠሩ ከስልሳ ልጅ መሃል «አቤት» ማለት አለብኝ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። እማዬ ታለማምደኛለች። አልጋዋ ላይ ሆና እንደ መምህር ድምፅዋን አወፍራ «ሐዳሳ ሸዋንግዛው!» ትላለች፣ እኔ ከደጅ «አቤት!» እላለሁ። «አልሰማሁም፣ ቀሪ ነሽ!» ትላለች። እንደገና እላለሁ። አሁን፣ ይህን ልጽፍልህ ከመቀመጤ በፊት፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሴትዮ በሩን አንኳኩተው «ማነው እንዲህ የሚጠራሽ?» ብለው መጡ።

ብርዱ ሳይጀምር ወፍራም ሹራብ ግዛ። እማዬ ምሳ እንዳትዘል ብላለች። እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ፣ ምድጃህንም ሳይቋረጥ ያቆይልህ። ይቅር አላልኩህም፤ ስትመልስልኝ ግን በወረቀት መልስልኝ፣ ፖስታው ላይም ለአባዬ ሳይሆን ለእኔ ብለህ ጻፍበት።

እህትህ
ሐዳሳ ሸዋንግዛው
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ